ለእያንዳንዱ እግር የራሱ ውኃ

አንሶላ ብዙ ነገር ያወራል። ማን ተኝቶ እንዳደረ፣ ማን ሲገላበጥ እንዳነጋ፣ ማን ትራሱ ላይ እንዳለቀሰ አጣቢዋ ታውቃለች። ዓለምእሸት በላሊበላ፣ በጋሼ ምናለ እንግዳ ማረፊያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንሶላ ስታጥብ ያየችውን ሁሉ ከሳሙናው አረፋ ጋር ስትደፋው ኖራለች። ለባሏ እንኳ ነግራው አታውቅም። እሱም፣ ነፍሱን ይማርና፣ ጠይቋት አያውቅም።

አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ዓይነ አፋር ናት፤ ሰው ሲያነጋግራት መጀመሪያ መሬቱን አይታ ነው የምትመልስ። ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ታነባለች፤ ግን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ስለዚህ ሰው ፊት አታነብም። የቀበሌ ወረቀት ሲሰጧት «መነጽሬን ረስቼ» ትላለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም።

እንግዲህ ይች ሴት ናት ስልክ ተሰጥቷት የማረፊያ ቤቱ መልእክት ላኪ የሆነችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያገሩ ጸጥታ ሲደፈርስ እንግዳው ቀረ። አሥራ ሁለቱም ክፍል ተቆልፎ ሲከርም፣ እንግዳ ተቀባይዋ ፍሬ ወደ ወልድያ ሄዳ ሌላ ሥራ ያዘች። ከመሄዷ በፊት ግን ለጋሼ ምናለ አንድ ነገር አበጅታላቸው ነበር። ማረፊያ ቤቱ ኢንተርኔት ላይ ገጽ አለው፤ የክፍሎቹ ፎቶ አለበት፣ ስልክ ቁጥር አለበት፣ አምና በገና ጧት የተነሣ ፎቶም አለበት፤ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ከዓለቱ ላይ ቆመው ሲያሸበሽቡ፣ ሕዝቡ ከሥር አንጋጦ። የገጹ አድራሻ ግን ረጅም ነው፤ በመልእክት ሲልኩት ሁለት መስመር ይሞላል። ያን ረጅም አድራሻ ተቀብሎ አጭር ሊንክ የሚያደርግ አንድ የውጭ ኩባንያ አለ። ሰው አጭሩን ሲነካው ወደ ገጹ ይወስደዋል። ፍሬ ይኸን አስገብታ፣ የይለፍ ቃሉን ለዓለምእሸት ነግራ ሄደች። ጋሼ ምናለ እንዲህ ያለ ቃል ይረሳሉ።

«ዓለምዬ፣ ይኸን ሥራ አንች ያዥው» አሏት።

«እኔ? ኧረ ጋሼ ምናለ፣ እኔ ምን አውቄ።»

«አንሶላ ስንት ዓመት አጠብሽ? ይኸ ከዚያ አይከብድም።»

«አንሶላ እኮ አያስነብበኝም።»

«ይኸም አያስነብብሽ። ድሮ ያረፉትን ሰዎች ስልክ እሰጥሻለሁ። ሊንኩን ትልኪያለሽ፣ ‹እንደምን ከረማችሁ፣ ለገና እንጠብቃችኋለን› ትያለሽ። በቃ። ለሁሉም አንድ ሊንክ ይበቃል።»

አንድ ሊንክ ለሁሉም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከበዳት።

በገና ሰሞን ላሊበላ በእግሩ በመጣ ተሳላሚ ይሞላል። የከተማው ሰው ደጁ ላይ ውኃ አሙቆ የእንግዳ እግር ያጥባል፣ ያሳድራል። ዓለምእሸት ከእናቷ የተማረችው ሁለት ነገር አለ። አንዱ፣ እግር ሲታጠብ «ማን ነህ፣ ከየት ነህ» አይባልም፤ እንግዳው ራሱ ካላወራ በቀር። ሌላው፣ በአንድ ውኃ ሁለት ሰው አይታጠብም። ውኃው ቢርቅም ቢያንስም ሳፋው ይደፋል፣ ለሚቀጥለው ሰው ሌላ ይሞላል። ልጅ ሆና አንድ ቀን ሰንፋ ሳትደፋ ብትቀር እናቷ፣ «ያ የመጣበትን አቧራ ይች ምን አድርጋ ትታጠበው?» ብላ በእንግዳ ፊት ገሥጻታለች። ያ ተግሣጽ እስከ ዛሬ ጆሮዋ ላይ አለ።

ታዲያ አርባ ሰው ባንድ ሊንክ? አንዱ የነካውን ሌላው ደግሞ? ነውር ሆነባት። ሦስት ቀን ፈጅታ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ሊንክ አወጣች። እንዳይምታታባትም በእያንዳንዱ ሊንክ ራስጌ የሰውየውን ስም ጻፈች። ሲያልቅ ግንባሯ ላይ ላብ ነበር። ደስ አላት።

ሞባይሉ አንድ ስለሆነ ደግሞ የራሷንም ሰዎች ጨመረችበት፤ ባለፉት ገናዎች ደጇ ላይ እግራቸውን ያጠበቻቸውን፣ «በበዓል በበዓል እንጠያየቅ» ብለው ስልክ ቁጥራቸውን የተዉላትን ሰባት ተሳላሚዎች። ለነሱም ለየብቻቸው።

ጋሼ ምናለ ሲያዩት ከወንበራቸው ተነሡ።

«ይኸን ማን አስተማረሽ?»

«አጠፋሁ?»

«ምን አጠፋሁ ትያለሽ። አዲስ አበባ ለዚህ ሰው ቀጥረው ያሠለጥናሉ። ነይ እስቲ እይ።»

ያን ጊዜ ነው ስልኩ ላይ ያለውን የኩባንያውን ሠንጠረዥ ያሳዩአት። አንድ ሰው ሊንኩን ሲነካ ኩባንያው ይመዘግባል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከየትኛው ከተማ እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደሆነ። ሊንኩ የሁሉም ቢሆን ኖሮ ማን እንደነካው አይታወቅም ነበር። አሁን ግን ሊንኩ ሁሉ ስም አለው። የማን እጅ እንደሆነ ይታወቃል።

ጋሼ ምናለ በዚያው ሳምንት አንድ የባሕር ዳር ሰው ሊንኩን ሦስቴ እንደከፈተ አይተው ደወሉለት። «ሰሞኑን ላሊበላን እያሰቡ ነው መሰል» አሉት፣ እየሳቁ። ሰውየው «ማን ነገረዎት?» አለና ዘጋው። ከዚያ በኋላ ሊንኩን ነክቶ አያውቅም።

«ምን ሆነ ይኸ ሰውዬ? ሰው ማሰቡን ማወቅ ምን ነውር አለው?» አሉ ጋሼ ምናለ።

ዓለምእሸትም ማየት ጀምራ ነበር። አንሶላዋን አስጥታ ስትጨርስ፣ ከግንቡ ጥግ ተቀምጣ ሠንጠረዡን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ማንም አያያትም፣ ማንም አያስቸኩላትም። ንባቧ እንኳ በዚያ ተሻሻለ። እዚሁ አቅራቢያ ብልባላ ያለችው የአክስቷ ልጅ ለሙከራ የላከችላትን ስትከፍተው «አዲስ አበባ» ብሎ ሲጽፍ አይታ ስቃ ነበር። ፍሬ በስልክ፣ «በስልክ ዳታ ከሆነ ከተማውን ብዙ እውነት ነው አትበይ። በዋይፋይ ሲሆን ግን አንዳንዴ ልክ ይመጣል። ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ልክ ነው» አለቻት።

ከሁሉም የምትወደው አንድ መስመር ነበር። የአመተ ጊዮርጊስ።

አመተ ጊዮርጊስ የኮን ከተማ ልጅ ናት። ካቻምና በገና ዋዜማ ብቻዋን መጥታ፣ ተረከዟ ተሰነጣጥቆ፣ ዓለምእሸት ደጅ ተቀመጠች። ዓለምእሸት አጠበቻት፣ ምንም አልጠየቀቻትም። ልጂቱ ራሷ ነች በማግሥቱ ያወራችው። ባሏ ይመታት ነበር። ሦስት ጊዜ ሸሽታ እናቷ ቤት ገብታ፣ ሦስቴም ወንድሟ ሽማግሌ ይዞ መልሷታል። «አሁን ኮን አልመለስም። ወዴት እንደምሄድም ለማንም አልናገርም። እታለም፣ ያየሽኝን እንዳላየሽኝ» አለቻት። «ማንን አየሁ?» አለቻት ዓለምእሸት። ተሳሳቁ። ልጂቱ ስልክ ቁጥሯን ትታላት ሄደች።

አሁን ሠንጠረዡ ላይ አመተ ጊዮርጊስ ዘጠኝ ጊዜ አለች። ዘጠኙም እሑድ። ዘጠኙም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ዘጠኙም ድሬዳዋ። ዓለምእሸት እሑድ ስምንት ሰዓት ሲሆን ስልኩን ይዛ ትጠብቃለች። ቁጥሩ ሲጨምር፣ «እሰይ፣ ደህና ናት» ትላለች ለብቻዋ። እንደ ሰላምታ ነበር የቆጠረችው። ጋሼ ምናለም አይተውት፣ «ይች የእሑዷ ልጅ አንድ ቀን ትመጣልናለች» ይሉ ነበር።

በኅዳር አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ግቢው ገባ። ጫማው አቧራ ነው። ሰውአገኝ እባላለሁ አለ፤ ከኮን ነው የመጣሁ አለ። እህቱን እየፈለገ ነው። ካቻምና ለገና መጥተው የነበሩ ያገሩ ሰዎች ዓለምእሸት ከምትባል ሴት ደጅ አይተናታል ብለውታል።

ዓለምእሸት አንሶላ እየጨመቀች ነበር። እጇ ቆመ።

«እናታችን ታማለች» አለ ሰውአገኝ። «የእህቴን ስም ነው የምትጠራ። እናንተ ዘንድ አድራ ከሆነ፣ የት እንደሄደች ካወቃችሁ፣ ለነፍሳችሁ ብላችሁ ንገሩኝ።»

ጋሼ ምናለ ልባቸው ራራ። ወንበር ሰጡት፣ ሻይ አዘዙለት። ስሟን ሲጠራ ግን ፊታቸው በራ።

«አመተ ጊዮርጊስ? ዓለምዬ፣ የእሑዷ ልጅ አይደለችም እንዴ? አታስብ ወንድሜ፣ በእጃችን ናት። የምትከፍትበትን ከተማ ሠንጠረዡ ራሱ ይጽፋል። ዓለምዬ፣ ስልኩን አምጪው።»

ስልኩ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነበር። ጭኗ ላይ ይሰማታል።

«አንሶላው እንዳይበላሽ ላስጣውና» አለች፣ መሬቱን እያየች።

«አንሶላው ይቆየና።»

«ከቆየ ይጨማደዳል፣ ጋሼ ምናለ።»

የተጨመቀውን በሳፋ ይዛ ወደ ኋላው ጓሮ ሄደች። አንዱን አንሶላ ገመዱ ላይ ጣል አድርጋ ከጀርባው ቆመች።

የልጂቱ ወንድም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ዓይኑ የደከመ ሰው ዓይን ነው። እናትየዋ ብትሞትስ? ግን ደግሞ ሦስቴ ሽማግሌ ይዞ የመለሳት ይኸው ሰው ነው። አራተኛውስ? እሷ ምን ታውቃለች። የሰው ልብ እንደ አንሶላ አይገለጥ። አንድ ነገር ግን አወቀች። ልጂቱ ለማንም ያልተናገረችውን ከተማ፣ ለማንም ያልተናገረችውን የእረፍት ሰዓት፣ ይች ስልክ ታውቃለች። እንድታውቅ ያደረገቻት ደግሞ ራሷ ዓለምእሸት ናት፤ ለብቻ ሊንክ ብላ፣ ስም ጽፋ፣ አክብራ። እግሯን ስታጥብ «ከየት ነሽ» ያላለች ሴት፣ ይኸው ዘጠኝ እሑድ ሙሉ ስትጠይቃት ከረመች። ልጂቱም ሳታውቅ ስትመልስላት።

ፍሬ ዘንድ ደወለች።

«ፍርዬ፣ አንድ ሊንክ ቢጠፋ፣ የተጻፈው አብሮ ይጠፋል?»

«ከኛ ሠንጠረዥ ይጠፋል። ምነው?»

«ከኩባንያውስ?»

«እሱን አላውቅም፣ ዓለምእሸት። እነሱ ጓዳ ያለውን ማን ገብቶ አየ።»

ዓለምእሸት ወዲያው ልታጠፋው ጣቷን ዘረጋች፣ ግን መልሳ ሰበሰበችው። አጥፍታ ዝም ብትል ልጂቱ እናቷ መታመሟን ሳታውቅ ልትቀር ነው። ይኸም የሷ ውሳኔ አይደለም። ጽሕፈት ስለሚያንቀራፍፋት ቴሌግራም ላይ በድምፅ ላከች፤ ቀስ ብላ፣ ከአንሶላው ጀርባ።

«አመተ ጊዮርጊስ፣ ዓለምእሸት ነኝ። ወንድምሽ ሰውአገኝ እዚህ መጥቷል። እናታችን ታማለች ይላል። እኔ ምንም አልነገርኩት። ግን አንድ ነገር አለ። ያ የላክሁልሽ ሊንክ በነካሽው ቁጥር ከተማሽንና ሰዓትሽን ሲጽፍ ነበር። አላወቅሁም። ካወቅሁም በኋላ ሳየው ነበር፣ ደህንነትሽን ብዬ። ይቅር በይኝ። ሳትነግሪኝ ምንም አላደርግም።»

ከዚያ ሁለተኛውን አንሶላ አሰጣች። ሦስተኛውን አሰጣች። ጋሼ ምናለ ሁለት ጊዜ ተጣሩ። አራተኛው ላይ ስልኩ ጮኸ።

ከሩቅ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«እታለም፣ ከተማውን ማን አየው?»

«እኔ ብቻ። ጋሼ ምናለ እሑዱን አይተዋል፣ ከተማውን አላስተዋሉትም። አሁን ግን ለወንድምሽ ላሳየው እያሉ ነው።»

«ገጹ በዳታ አይከፈትልኝም፤ የዋይፋይ ቀኔ እኮ ነው እሑድ» አለች ልጂቱ። ድምፅዋ ቀጠነ። «ሌላ ሰው የማያገኘኝ ቀን ብዬ ነው የምከፍተው።»

«አውቄ ቢሆን...»

«አንች ምን አደረግሽ። የምከፍተው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ያች የገና ጧት ፎቶ አለች አይደል፣ ካህናቱ ዓለቱ ላይ ያሉባት። ከታች በግራ በኩል፣ ሁለት እጇን ወደ ላይ የዘረጋች ሴት አለች። እናቴ ናት። አምና ለኔ ስለት ልትሳል መጥታ ነው መሰል። በእሑድ በእሑድ የምከፍተው እሷን ለማየት ነው።»

ሠንጠረዡ ስንቴ እንደከፈተች ቆጥሯል። ስለ እናትየዋ ግን አንድ መስመር አልጻፈም።

«በስልኩ ላይ ያለውን አጥፊልኝ» አለች አመተ ጊዮርጊስ። «ለወንድሜ ደግሞ እንዲህ በይው። የእናቴን ስልክ አልረሳሁትም። ፈርቼ ነው እንጅ። የፊታችን እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ብቻዋን ታንሣው፣ እሱ ከደጅ ይሁን። የት ነሽ ካለኝ ግን ሁለተኛ አልደውልም። ፎቶዋን ለብቻዋ ላኪልኝ፣ ያለ ሊንክ።»

ዓለምእሸት እዚያው ቆማ ሊንኩን አጠፋችው። «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቃት፤ በጣቷ ተከትላ አነበበችና «አዎ» የሚለውን ነካች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ፊተኛው ግቢ ወጣች።

«በይ እንጅ፣ ሰውየውን አስቀመጥነው እኮ» አሉ ጋሼ ምናለ።

«አጥፍቸዋለሁ፣ ጋሼ ምናለ።»

«ምኑን?»

«የሷን ሊንክ። ግን አግኝቻታለሁ።»

ሰውአገኝ ከወንበሩ ተነሣ። ዓለምእሸት በሕይወቷ በሰው ፊት ያን ያህል ብዙ ቃል ተናግራ አታውቅም፤ ቃል በቃል ነገረችው፣ እሑዱን፣ ሰዓቱን፣ እናትየዋ ብቻዋን ማንሣቷን። መሬቱን አላየችም።

«የት ናት?» አለ ሰውአገኝ።

«እሱን አልነግርህም።»

«ወንድሟ ነኝ እኮ። አንቱ ባዳ ሆነው እያወቁ፣ እኔ...»

«ባዳ ስለሆንሁ ነው ያመነችኝ። ሦስቴ ስትመለስ ማን ነበር የመለሳት?»

ሰውአገኝ ፊቱ ቀላ። ሻዩን ብርጭቆ ውስጥ ትንሽ አሽከረከረው። «አባታችን ሲሞት እኔ ነኝ የቀረሁ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ የነገረኝ የለም» አለ፣ ለማንም እንደማይናገር። ከዚያ፣ «እሑድ ስምንት ሰዓት» ብሎ ደገመ። ሻዩን ሳይጨርስ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ቃሉን ይጠብቅ አይጠብቅ ዓለምእሸት አላወቀችም።

ጋሼ ምናለ ተቆጡ። ቁጣቸው እውነት ነበረው።

«ቤቱ የኔ ነው፣ ስልኩ የኔ ነው። የታመመች እናት አለች። ዓለምዬ፣ ኃጢአቱ ባንች ነው።»

«በኔ ይሁን» አለች። «አሁን ደግሞ የሌሎቹንም ላጠፋ ነው። ሁሉንም።»

«ለምን ሲባል?»

«አንቱ አንሶላ ላይ ያየሁትን ጠይቀውኝ ያውቃሉ?»

ጋሼ ምናለ የሻዩን ብርጭቆ አነሡ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልጠየቁኝም። እንግዳ የሚመለሰውም ለዚያ ይመስለኛል። የባሕር ዳሩ ሰውዬ ለምን እንደዘጋው ያኔ አልገባኝም ነበር።»

«ታዲያ ማን እንደከፈተው ሳላውቅ ምኑን ሠራሁት?»

«አንድ ሊንክ ለሁሉም ይሁን፣ መጀመሪያ እንዳሉኝ። ስንት ሰው እንደከፈተው ያዩታል። ማን እንደሆነ ደጁ ሲመጣ እናየዋለን። ተሳላሚውንስ ማን እንደሆነ ሳናውቅ አይደል የምናጥበው?»

ጋሼ ምናለ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። «ስትናገሪ አላውቅሽም ነበር» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ። እሺ አላሉም፣ እምቢም አላሉም። የይለፍ ቃሉን ግን አልጠየቋትም።

ያን ቀንና ማግሥቱን ሊንኮቹን አንድ በአንድ አጠፋች። ከባድ ነበር፤ ልብ ብላ የጻፈችው ስም ሁሉ ነበርና። እናቷ ብታያት ምን ትላት ይሆን ብላ አሰበች። ውኃ ሲሆን ለየብቻ ነው የሚሻል። እዚህ ነገር ላይ ግን ሰው የሚከበረው ከሌላው ጋር ሲቀላቀል ነው፤ አቧራው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። ለእያንዳንዱም በድምፅ ላከች፤ ሊንኩ ሲጽፍ እንደነበር፣ እንዳላወቀች፣ አሁን ከነሱ በኩል እንደጠፋ፣ ከኩባንያው በኩል ግን እንደማታውቅ። ብዙዎቹ አልመለሱም። አንዲት ተሳላሚ «ምን ችግር አለው» ብላ ሳቀች። የባሕር ዳሩ ሰው ግን፣ «አሁን ገባኝ። ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ጻፈላት። ፊደል በፊደል ሁለት ጊዜ አነበበችው።

እሑድ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ከግንቡ ጥግ ሄዳ ተቀመጠች፤ እግሯ ለምዶ ነው የወሰዳት። ስልኩን አወጣች። የምታየው መስመር የለም። አሁን ኮን ውስጥ አንድ ስልክ እየጮኸ ይሆናል፤ ወይም አይጮኽም። ሰውአገኝ ከደጅ ቆሞ ይሆናል፤ ወይም ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ይሆናል። እናትየዋ ማንሣት ችላ ይሆን? መጠየቅ ፈለገች። አንድ ጊዜ ደውሎ «እንዴት ሆናችሁ» ማለት ምን ክፋት አለው።

ጣቷ ስልኩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሥታ ገብታ ስልኩን ከመደርደሪያው፣ ከታጠፉት ንጹሕ አንሶላዎች ሥር ከተተችውና የደረቀውን ልትሰበስብ ወደ ገመዱ ሄደች። የመጀመሪያውን አንሶላ በሁለት እጇ ዘርግታ አራገፈችው።